ኖራው የጠጣው

«ቀስ! ቀስ በይ አንቺ ሴት! የሰው ነፍስ ነው የጫንሽው!» እያሉ አባ ቤኒኝ ከኋላዬ ሲጮኹ፣ ጋሪው የሞንቬል ገዳምን ቁልቁለት ይዞ መንደርደር ጀምሮ ነበር።

እኔ ፔርኔት ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቁልቁለት ያላወረድኩት ነገር የለም። የወይን በርሜል አውርጃለሁ፤ የወፍጮ ድንጋይ አውርጃለሁ፤ አንድ ጊዜማ ሪህ የያዛቸውን ጳጳስ እያቃሰቱ አውርጃለሁ። እንደዚያን ቀን ያለ አስጨናቂ ጭነት ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ክብደቱ ከአንድ የሰባ በግ ብዙም አይበልጥም፤ ጭንቀቱ ግን ለሦስት ጋሪ ይበቃ ነበር።

የገዳሙ አናጢ በሠራው የእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ሁለት ሆዳም የመስታወት ጋኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው የዘንድሮ ነጭ ወይን ጭማቂ አለ። በሁለተኛው በውሃ ተበጥብጦ ወተት የመሰለ ኖራ አለ። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ የታጠፈ የመስታወት ቱቦ ተዘርግቷል፤ መጋጠሚያው ሁሉ በቆዳና በሰም ተደፍኖ፣ በላዩ የአርዞን ከተማ ሚዛን ቤት ማኅተም ተመቶበታል። ከቱቦው ወገብ ላይ ደግሞ አንድ የአሳማ ፊኛ ተንጠልጥሏል። አባ ቤኒኝ «የጋኖቹ ሳንባ» ይሉታል። ያን ጊዜ ሟሽሾ ነበር።

ይህን ሁሉ እንደ ሕፃን አቅፎ ጋሪው ላይ የተቀመጠው አባ አንዶሽ ነው፤ የገዳሙ የወይን ቤት መጋቢ፣ የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ። በሰው ፊት «አባ» እለዋለሁ። ሰው ከሌለ «ጋሼ» ነው።

ነገሩ የመጣው ከአዲሱ አበምኔት ነው። ይህን የምተርከው ከታላቁ ረብሻ ጥቂት ዓመት በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ንጉሡም ገዳሙም በየቦታቸው ነበሩ። የቀድሞው አበምኔት ወይንን በዓይናቸው ለክተው፣ በምስጋና ዘግተው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። በሳቸው ቦታ ከዲዦን የመጡት አበምኔት ኦቶን ግን ሚዛን ይወዳሉ። የጸሎት ሻማን ከጸሎት በፊትና ከጸሎት በኋላ አስመዝነው፣ የጎደለው የት እንደሄደ ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ወይን በተጨመቀ ዕለት ከወይን ቤቱ በር አጠገብ ያለውን በርሜል ትኩስ ጭማቂ እንደሞላ አስመዘኑት። ፈልቶ ሲረጋ ደግመው አስመዘኑት። ከመቶው እጅ ስድስቱ የለም። አበምኔቱም ቀና ብለው የወንድሜን አፍንጫ አዩ።

የወንድሜ አፍንጫ፣ መዋሸት አልወድም፣ በችሎት ፊት ባለቤቱን የሚረዳ አፍንጫ አይደለም። የበሰለ ቼሪ ነው። «ጠጥተኸዋል» አሉት። «አልጠጣሁም» አለ። «ታዲያ የት ሄደ?» ሲሉት «አላውቅም» አለ። ቅጣቱም ተወሰነ፤ ወደ ተራራው ገዳም ይላካል። እዚያ መነኮሳቱ ከውሃ በቀር አይጠጡም፣ ከፋሲካ በቀር አይናገሩም፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያም በረዶ ውስጥ ናቸው። ወንድሜ ስድሳ ዓመቱን አልፏል፤ ጉልበቱ በብርድ ይቆለፋል፤ ዝም ማለት ደግሞ ተፈጥሮው አይደለም። ክረምቱን አይወጣውም ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ደግሞም እናደዳለሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ያዳኑን አባ ቤኒኝ ናቸው፤ የገዳሙ መድኃኒት ቀማሚ። የፓሪስ ሊቃውንት የሚጽፉትን ሁሉ ያነባሉ፤ ያነበቡትንም ያልጠየቃቸው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ያደርጋሉ። «የጎደለውን ማንም አልጠጣውም» አሉ። «ጭማቂ ሲፈላ አየር ይወጣዋል፤ አየር ደግሞ ክብደት አለው። በእግዚአብሔር ዓለም የሚጠፋ ነገር የለም፤ ቤት የሚቀይር እንጂ።» አበምኔቱ «አሳየኝ» አሉ። ስለዚህ ዘግይቶ ከተለቀመ ወይን የተጨመቀ ጭማቂና ኖራው ታሽገው፣ በከተማው ሚዛን በምስክር ፊት ተመዘኑ፤ ከዚያ ጭማቂው በገዳሙ ማዕድ ቤት ሙቀት ፈላ። አሁን ከበላይ የመጡ መርማሪ አባት በተገኙበት ዳግመኛ ሊመዘኑ ነው። ከጭማቂው የሚወጣውን አየር ኖራው ይጠጣዋል፤ ክብደቱ ከቀድሞው እኩል ከሆነ ምንም አልጠፋም፣ ወንድሜም ሌባ አይደለም። ቱቦው ቢያፈተልክ፣ ማኅተሙ ቢሰበር፣ ፊኛው ቢፈነዳ ግን አየሩ ይሄዳል፤ ወንድሜም ተከትሎት ይሄዳል።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳ ስንይዝ አባ ቤኒኝ ላባቸውን ጠራርገው ማስተማር ጀመሩ።

«ውበቱ የታያችሁ አይመስለኝም» አሉ። «በዚህ በኩል ጭማቂና ኖራ። በዚያ በኩል ወይንና የጠገበ ኖራ። በመካከሉ እኩል! እንደ ሚዛን ሁለት እጆች። ደግሞ ኖራ እንደ አንዳንድ ሰዎች አይደለም። ልኩን ጠጥቶ ያቆማል። አሥር እጅ አየር ለመጠጣት አሥራ ሦስት እጅ ያህል ኖራ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ጉሮሮውን ቢያንቁት አይቀበልም።»

«ስንት አደረግህለት?» አለ ወንድሜ።

«ልኩን።»

«ልኩን ስትል?»

«ልኩን ነዋ! የጭማቂውን ስኳር አወቅሁ፤ ከስኳሩ የሚወጣውን አየር አወቅሁ፤ ለአየሩ የሚበቃውን ኖራ አደረግሁ። አንዲት ማንኪያ ብጨምር መሃይም ያሰኘኛል።»

ወንድሜ ጋኑን አየው። «ለእንግዳ ምንጊዜም ትርፍ ይዘጋጃል» አለ ቀስ ብሎ። «አሥር ሰው ከጠራህ ለአሥራ ሁለት ታቀርባለህ።»

«ይህ ድግስ አይደለም፣ አንዶሽ። ይህ ሂሳብ ነው።»

«ስኳሩን ያወቅኸው ከየት ነው?»

«ከአምናው መዝገቤ ላይ።»

«ከአምናው? ቤኒኝ፣ አምና እስከ መኸር ዝናብ ነበር! ዘንድሮ ከሰኔ ጀምሮ ፀሐይ ነው። የዘንድሮን ጭማቂ ቀምሰኸዋል?»

«እኔ እመዝናለሁ እንጂ አልቀምስም።»

«ማር ነው!» አለ ወንድሜ። «ማር ነው አንተ ሰው! ከአምናው ስኳሩ ይበልጣል፤ አየሩም ይበልጣል!»

ሦስታችንም ዘወር ብለን ፊኛውን አየን። ሟሽሾ የነበረው ፊኛ ቀና ብሎ ተቀምጧል። በማዕድ ቤት ተኝቶ የነበረው ወይን በጋሪው ንቅናቄ ነቅቶ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ኖራው ግን ጠግቦ ዝም ብሏል። መንኮራኩሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ፊኛው ትንሽ ይነፋል። በቅሎዋን አቆምኳት። ብናቆምም መንፋቱን አልተወም።

«ትንሽ ብናስተነፍሰው?» አልኩ።

«ካስተነፈስነው ሚዛኑ ይጎድላል!»

«ኖራ ብንጨምርስ?»

«ማኅተሙ ይሰበራል! ሚዛኑም ይበልጣል!» አባ ቤኒኝ ራሳቸውን ያዙ። «የቆጡን አወርድ ብዬ... አንዶሽ፣ ይቅር በለኝ። አንዲት ማንኪያ። አንዲት ማንኪያ ኖራ!»

ወንድሜ አገጩን ወደ ፊት ቀስሮ «ወንዙ ጋ ንጂ» አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ያዘዘኝ ልጅ ሆነን ቤታችን የተቃጠለ ጊዜ ብቻ ነው። ነዳሁ።

ወንዙ ዳር እንደደረስን ከጋሪው ዘሎ ወረደ፤ በዚያ ጉልበቱ! የምንኩስና ቀሚሱን ባናቱ አወለቀና በውስጥ ሸሚዙ ብቻ ቀረ። ቀሚሱን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እየተንጠባጠበ አምጥቶ፣ የወይኑን ጋን እንደ በሽተኛ ጠቀለለው። ባርኔጣውን አውልቆ በሱ እየቀዳ ይደፋበት ጀመር።

«ወይን ሲበርደው ይተኛል» አለ እያለከለከ። «ስንት ክረምት አስተኝቼዋለሁ። ተኛ የኔ ልጅ። ተኛ።»

እዚያው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ባለ ትልቅ ድምፅ ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አባ፣ ምነው ሰይጣን ገፈፈዎት?» አለች።

«ሰይጣን አይደለም፣ ልጄ፤ ሂሳብ ነው» አላት ወንድሜ ውሃ መቅዳቱን ሳያቆም።

«ጋኑን ነው ወይስ ራስዎን ነው የሚያጠምቁት?»

«ስሙንም ገና አላወጣንለትም፤ ክርስትና አባት ካለሽ አምጪ!»

ሴቶቹ እየተንከተከቱ ባልዲያቸውን ይዘው መጡና አገዙት። አባ ቤኒኝ ፊኛው አጠገብ ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ለወይን ሠሪዎች ጠባቂ ለቅዱስ ቬንሳን ይሁን ለፓሪስ ሊቃውንት አላውቅም። ብቻ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፊኛው መወጠሩን ትቶ ቆዳው ላላ። ወይኑ ተኝቷል። ወንድሜ በረጠበ ሸሚዝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ጋሪው ላይ ተመልሶ ወጣ። ባርኔጣውን ውሃ ሞልቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በየመንገዱ እያርከፈከፈ አርዞን ከተማ በር ደረስን።

በሩ ላይ ያለው ኬላ ሹም ሙሴ ኤርሜ ይባላል። ሰውዬው ቀረጥ ያልከፈለ ነፋስ እንኳ በበሩ ሲያልፍ እንቅልፍ አይወስደውም። በሸሚዝ ያለ መነኩሴ ውሃ የሚንጠባጠብ ጥቅል አቅፎ ሲመጣ ባየ ጊዜ ፊቱ በደስታ በራ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«የወይን ጭማቂ ነበር» አልኩት።

«ነበር?»

«አሁን ወይን ሆኗል።»

«መቼ ነው የሆነው?»

«ከፊሉ ገዳም፣ ከፊሉ መንገድ ላይ።»

«መንገድ ላይ የተለወጠ ዕቃ!» አለና ለረዳቱ ዘወር አለ። «ሰማህ? ጭማቂ የራሱ ቀረጥ አለው፤ ወይን የራሱ ቀረጥ አለው። ነጩስ ምንድን ነው?»

«ኖራ» አሉ አባ ቤኒኝ። «ማለትም ኖራ ነበር። አሁን ወደ ጠመኔ የተጠጋ ነው።»

«እሱም ነበር!» ሙሴ ኤርሜ ከወገቡ ረጅም መውጊያ ብረት መዘዘ። «የንጉሡ ትእዛዝ ግልጽ ነው። ያልተቀመሰ ወይን በዚህ በር አያልፍም። ፊኛውን ወግቼ አሸትተዋለሁ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ወንድሜ ጋኖቹ ላይ ተደፋባቸው። «መጀመሪያ እኔን ውጋ!» አለ። «ከኔም የሚወጣው ያው አየር ነው!»

እኔ ከጋሪው ወረድኩ። ከሹም ጋር በጩኸት የተሟገተ ሰው ሲያሸንፍ አላየሁም፤ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ሙሴ ኤርሜ፣ ይህን ማኅተም ያውቁታል?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «የሚዛን ቤቱ ነው።»

«የንጉሡ አርማ የሆነው አበባ አለበት?»

«አለበት።»

«እርስዎ በንጉሡ ብረት የንጉሡን ማኅተም ከወጉ፣ ማንን ነው የሚቀጡት?»

ሹሙ ብረቱን አየ፤ ማኅተሙን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳና ለማኅተሙ እጅ ነሳ። ግን በዋዛ የሚለቅ ሰው አልነበረም። «የዕቃው ስም እስኪታወቅ ድረስ በቁጥጥሬ ሥር ነው» አለ። አንድ እጁን ማቀፊያው ላይ አሳርፎ፣ በሩን ለረዳቱ ትቶ፣ እንደ ቀብር አጃቢ ከጋሪው ጎን መራመድ ጀመረ። ከተማውም ከኋላችን ተከተለ። ገበያ ቀን ነበር፤ በሸሚዙ ያለ መነኩሴ ደግሞ በየሳምንቱ አይገኝም።

ሚዛን ቤቱ ደጃፍ ላይ አበምኔት ኦቶን ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጥፍራቸው ሳይቀር የተስተካከለ። አጠገባቸው መርማሪው አባ ሲጊስሞን በወንበር ተቀምጠዋል፤ ሸምገል ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ፣ እግራቸው የሚያማቸው ሰው ናቸው። ወንድሜን በዚያ ሁኔታ ሲያዩት አበምኔቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልብስህ የት አለ?»

«ወይኑ ለብሶታል፣ አባቴ።»

መርማሪው ሳላቸው መጣባቸው፤ ወይም ሳል አስመሰሉት።

የረጠበው ቀሚስ ከጋኑ ላይ ተነሣ። መዛኙ በመጀመሪያው ቀን የተጠቀመባቸውን ያንኑ ብረቶች ከታሸገ ከረጢት አውጥቶ በአንዱ ሳህን ላይ ደረደረ። ማቀፊያው በሌላው ሳህን ላይ ተቀመጠ። ሚዛኑ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ቆመ።

የኛ ሳህን ወረደ። ከበፊቱ ይከብዳል።

ቀለለ እንዳይባል ነበር ስንፈራ የመጣነው። ይከብዳል ብሎ የፈራ ማንም አልነበረም። አባ ቤኒኝ ነጭ ሆኑ። «አይሆንም» አሉ። «ነገር ከምንም አይፈጠርም። ይህ... ይህ ተአምር ነው።»

«ተአምር ከሆነ ወደ ሮም መጻፍ አለብን» አሉ መርማሪው። «መልሱ ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት አይመጣም። እባካችሁ ሌላ ምክንያት ፈልጉልኝ።»

«ምክንያቱ ግልጽ ነው» አሉ አበምኔቱ። «በመንገድ ላይ ውሃ ጨምረውበታል። ሌባ ብቻ ሳይሆን አጭበርባሪም ነው።»

«ማኅተሙ ደህና ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ይሰማኛል። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ተራራውን፣ በረዶውን አየሁት፤ ከወንድሜ ጋር ዳግመኛ በፀሐይ ላይ እንደማልቀመጥ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ነው ሙሴ ኤርሜ ጣቱን ማቀፊያው ላይ አሳልፎ፣ አሽትቶ፣ ወደ አፉ ያስገባው።

«ውሃ ነው» አለ።

«አላልኩም?» አሉ አበምኔቱ።

«በጋኑ ውስጥ አይደለም፣ አባቴ። እንጨቱ ውስጥ ነው። እጄን ከበሩ ጀምሮ አሳርፌበት መጥቻለሁ፤ እጅጌዬ እስከ ክርኔ ርሷል። እኔ እዚህ በር ላይ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ሱፍ ነጋዴ ሁሉ ሱፉን አርጥቦ እያከበደ ሲሸጥ አይቻለሁ። ይህ እንጨት ጠጥቷል።»

«ኖራው ጠጣ፤ አሁን ደግሞ እንጨቱ ጠጣ» አሉ መርማሪው። «በዚህ ገዳም የማይጠጣ ማነው?»

እንግዲህ እንጨት መድረቅ አለበት። እሳት አጠገብ ቢቀመጥ ወይኑ ይነቃል፤ ፊኛው አይችልም። ስለዚህ በጨርቅ ተጠረገ፤ ከዚያም የአርዞን ገበያ በሙሉ ማራገብ ጀመረ። ዓሣ ሻጯ በሽርጧ፣ ሥጋ ሻጩ በባርኔጣው፣ ሁለት ጠበቃዎች በክስ ወረቀታቸው አራገቡ። ስለ ጠበቃዎች የሚጠቅም ነገር ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰዉ መወራረድም ጀመረ፤ ዓሣ ሻጯ አንድ ቅርጫት ዓሣ በወንድሜ ላይ አስያዘች።

ያራገቡ እጆች በደከሙ ጊዜ መዛኙ «ራቁ!» ይላል፤ ሁሉም ይርቃል፤ ሚዛኑ ይታያል። የኛ ሳህን የፀጉር ያህል ከፍ ይላል። እንደገና ይራገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ፀሐይዋም ንፋሱም እያገዙን፣ ሁለቱ ሳህኖች ትክክል ሆኑ።

«እኩል!» ብሎ ጮኸ ሥጋ ሻጩ። ገበያው አብሮት ጮኸ። እኔ «በቃ! ይነሣ!» አልኩ፤ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ማየት አልፈለግሁም።

«አይነሣም» አሉ አበምኔቱ። «እንጨቱ መድረቁን ከቀጠለ ሚዛኑ መቅለሉን ይቀጥላል። የቆመበትን ማየት እፈልጋለሁ።»

በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው። ግን እውነታቸውን ነበር፤ አባ ቤኒኝ እንኳ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቆምን። ደወል ተደወለ፤ ቆምን። ዓሣ ሻጯ እየጸለየች ዓሣዋን በዓይኗ ትሰናበታለች። መዛኙ እንጨቱን በእጁ ጀርባ ነካውና «ደርቋል» አለ። ሳህኖቹን አየን። ትክክል ናቸው። ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

አበምኔቱ ጎንበስ ብለው በዚህ በኩልም በዚያ በኩልም አዩ። «እኩል ነው» አሉ። ከአፋቸው ቃሉ ሲወጣ ያመማቸው ይመስል ነበር፤ ግን አሉት።

ማኅተሙ ተሰበረ። ፊኛው በሰው ፊት የማይባል ድምፅ አሰምቶ ተነፈሰ፤ ሙሴ ኤርሜ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና «ወይን» ብሎ በይፋ ስሙን አወጣለት። ጋኖቹ ለየብቻ ተመዘኑ። ከወይኑ የጎደለው በኖራው ላይ ተገኘ፤ እዚያችው ላይ፣ ጥቂት የቀረችውም ፊኛው ውስጥ የነበረችው ናት። መርማሪው በጠመኔ የሚዛን ቤቱ በር ላይ ሂሳቡን ሠሩ። ከመቶው እጅ አሥሩ ወደ አየር ሄዷል።

«ስለዚህ አባ አንዶሽ አልጠጣም» አሉ። «ይህ ጉዳይ...»

«አላለቀም» አሉ አበምኔት ኦቶን።

ገበያው አጉረመረመ። አበምኔቱ ግን ወደ ማንም አላዩም፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያዩት። «ከመቶው አሥሩ መሄድ አለበት ካላችሁ፣ እቀበላለሁ። ታዲያ የኔ በርሜል የጎደለው ስድስት ብቻ ነው። የተቀረው አራት ከየት መጣ? ነገር ከምንም አይፈጠርም ብላችሁኛል። አንድ ሰው በርሜሉ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሯል።»

ገዳም ውስጥ ወይን ሰርቆ መጠጣት ኃጢአት ነው፤ ወይን ላይ ውሃ መጨመር ግን በኛ በቡርጎኝ ምድር ለኃጢአቱ ስም እንኳ አልወጣለትም። አባ ቤኒኝን አየሁ፤ በገዛ ሕጋቸው ተይዘዋል። ወንድሜን አየሁ። አፍንጫው ብቻ ሳይሆን ፊቱ በሙሉ ቀልቷል።

«ጋሼ» አልኩት፤ ሰው መኖሩን ረስቼ። «ውሃ ነው?»

«ውሃ?» አለ። «እኔ? ወይን ላይ ውሃ?» እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ቁጣው ወዲያው ወጣለትና ትከሻው ወደቀ። «የራሴን ነው የመለስኩት» አለ።

«የራስህን ምን?» አሉ አበምኔቱ።

«ድርሻዬን። የዕለት ጽዋዬን።» እጁን ሸሚዙ ላይ ይጠርጋል፤ ሸሚዙ እርጥብ ነው። «በርሜሉ ከተመዘነ ወዲህ በየጠዋቱ ሄጄ አየዋለሁ፤ በየጠዋቱ ጎድሏል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ማን ይሆናል? ራሴን ጠረጠርኩ፣ አባቴ። በእንቅልፌ እየተነሳሁ የምጠጣ መሰለኝ። ከራሴ ጋር ስድሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ሰው ምንም አይታጣም። እግሬን ከአልጋው ጋር አሰርኩት። በርሜሉ መጉደሉን አልተወም። ስለዚህ ማዕድ ላይ የሚሰጠኝን ጽዋ እየደበቅሁ ወስጄ እዚያው እደፋዋለሁ፤ የጠጣሁትን ልመልስ ብዬ። ከመኸር ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። ቤኒኝ ስለ አየሩ ሲነግረኝ ደግሞ አፈርኩ፤ የተመዘነ በርሜል መንካት ክልክል ነው ብለዋል። በዚያ ላይ አንዶሽ ወይኑን ለበርሜል ሰጠ ብል ማን ያምነኛል?»

ቀልድ የማታጣው ዓሣ ሻጭ እንኳ ሽርጧን ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔም አለቀስኩ። ያ ሞኝ ወንድሜ ባልሠራው ሌብነት ራሱን ከሶ፣ ራሱን ፈርዶ፣ ቅጣቱን ለብቻው ሲፈጽም ከርሟል።

አባ ቤኒኝ ጠመኔውን ከመርማሪው እጅ ቀምተው በሩ ላይ ከስሌቱ ጎን ተጠጉ፤ የአንድ መነኩሴ ጽዋ ስንት ይመዝናል፣ ከመኸር እስከ ሁለተኛው ምዘና ስንት ጽዋ ይሆናል እያሉ አጉረመረሙ። ሲጨርሱ ከሥሩ «ከመቶው አራት» ብለው ጻፉና ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው አበምኔቱ እንዲያዩት ቦታ ለቀቁ።

አበምኔት ኦቶን ቁጥሩን ከላይ ወደ ታች አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ካባቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ሄደው ወንድሜን አለበሱት፤ ቁልፉን እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፉለት። ከመዛኙ ጽዋ ተቀብለው ከተከፈተው ጋን ራሳቸው ቀዱ። ወይኑ ገና ድፍርስ ነው። ለወንድሜ ሰጡት።

ወንድሜ ጽዋውን በሁለት እጁ ያዘ። አየው፣ አሸተተው፣ ወደ ከንፈሩ አስጠጋውና አቆመ። በዓይኑ ሚዛኑን አየ፤ ቀጥሎ አበምኔቱን አየ።

«ይመዘን እንዴ፣ አባቴ?» አለ።

«ጠጣ፣ አንተ ሰው!» አሉ አበምኔቱ።

ወንድሜም ጠጣ።